ለማላየው ሰው የከፈትሁት በር

ሁለት ሺህ ሰባት ዓመተ ምሕረት ነው፤ የስልሳ ሦስት ዓመት ሰው ነበርሁ። መተማ ዮሐንስ ላይ፣ ከኬላው ብዙም ሳይርቅ፣ የአንድ ትራንዚተር ቢሮ ጠባቂ ነበርሁ። ትራንዚተር ማለት ነጋዴው ዕቃውን ወደ ሱዳን ሲያወጣ ወይም ከሱዳን ሲያስገባ የጉምሩክ ወረቀቱን የሚጨርስለት ሰው ነው። ቢሮው ሁለት ክፍል፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ከፊቱ አንድ የኒም ዛፍ። ከዛፉ ሥር ወንበሬ። ሰባት ዓመት እዚያ ወንበር ላይ ስቀመጥ ከዚያ ቤት አንድ ሚስማር አልጠፋም። ይኸን የምናገረው ለመመካት አይደለም። በኋላ ለሠራሁት ነገር አንዱ መነሻ ይኸው ኩራቴ ስለሆነ ነው።

ፊደል የቆጠርሁት በደርግ ጊዜ በመሠረተ ትምህርት ነው። አማርኛ በቀስታ ካነበብሁ ይገባኛል፤ ስሜን እጽፋለሁ። እንግሊዝኛ ግን አንዱን ከአንዱ አለይም።

የቢሮው ባለቤት ጎንደር ነው የሚኖር፤ በወር አንዴ ብቅ ይላል። ሥራውን የምትሠራው አንዲት የጎጃም ልጅ ነበረች፤ ጸሐፊ። ከመጣች ዓመት አልሞላትም። ቀጭን ናት፤ ምላሷ ግን ልጓም የለውም። እንደኔው ግትር ናት። ስለዚህ እንጣላለን፤ ስለዚህም እንዋደዳለን።

አንድ ቀን ሻይ ይዠላት ስገባ፣ "አባየ፣ ይኸ ኮምፒውተር በር እንዳለው ያውቃሉ?" አለችኝ።

"ሳጥን ምን በር አለው? ክዳን ነው እንጂ።"

"አለው። ጎንደር የተቀመጠ ሰው ከወንበሩ ሳይነሳ እዚህ ይገባል። የምጽፈውን ያያል፤ ቢፈልግም እኔን ተክቶ ይጽፋል።"

"በማን እጅ?"

"በራሱ እጅ። በእኔ ስም።"

"እንግዲያ ጋኔን ነው በይኛ!"

ሳቀች። ጋኔን ሳይሆን ባለቤቱ የቀጠረው ባለሙያ ነው አለችኝ። ያን ሰው እኔም አውቀዋለሁ፤ ማሽኑን የተከለው እሱ ነው፤ ከዛፉ ሥር አብረን ሻይ ጠጥተናል። ከዚያ ማሽኑ ላይ አንድ ዝርዝር ከፍታ በጣቷ እያመለከተች አስረዳችኝ። የመጀመሪያው መስመር ላይ አንዲት ምልክት አለች። ያች ምልክት ካለች፣ ከሩቅ የሚመጣው ሰው ከመግባቱ በፊት ይጠይቃል፤ እዚህ የተቀመጠው ሰው እሺ ብሎ ካልተጫነለት ውጭ ቆሞ ይቀራል። ከሥሯ ያለው መስመር ማን ማን እንዲጠይቅ እንደተፈቀደለት ነው። ሦስተኛው የምሥጢር ቃሉ በየወሩ እንዲለወጥ።

"ይኸን ሁሉ ያበጀሁት እኔ ነኝ" አለች። "ባለሙያው ሥራ ያጓትትብኛል፣ አንሽው ብሎ ለምኖኝ ነበር። እንቢ አልሁት።"

"ምን ቸገረሽ?"

"የሚወጣው የጉምሩክ ወረቀት፣ ዲክላራሲዮኑ ላይ የሚጻፈው የእኔ ስም ነዋ፣ አባየ!"

ይኸ ገባኝ። በእኛ አገር ሰው ቤት የሚመጣ ሰው ከአጥሩ ቆሞ "ቤቶች!" ብሎ ይጣራል። "ማነህ?" ይባላል። "ግባ" ሲባል ይገባል። ሳይጣራ የገባ፣ ወንድምህም ቢሆን፣ ያው ሌባ ነው። ልክ ነሽ አልኋት።

በማግሥቱ ማሽኑ ላይ ወረቀት ለጥፋ አገኘሁ። በትልልቅ ፊደል ነው። ጣቴን ከፊደሉ ሥር እያስኬድሁ ጮክ ብየ አነበብሁት፦ "እኔ በሌለሁበት ማንም እንዳይነካ።"

"ጎበዝ ተማሪ!" ብላ አጨበጨበችልኝ።

"እዚህ ቤት ከእኔና ከአንቺ ሌላ ማን አለ? ለእኔ ነው የጻፍሽው።"

"ኧረ ለሚመጣ ለሚሄደው ነው፣ አባየ።"

ለእኔ ነበር። ሰባት ዓመት የጠበቅሁትን ቤት የትናንት ልጅ በወረቀት ስታዘኝበት ደሜ ፈላ። ቂም ያዝሁ። ሽማግሌ ሲቂም ደግሞ እንደ ልጅ ነው፤ ያፍራል፤ ስለሚያፍርም ይደብቀዋል።

የሚያዝያ ሚካኤል ደረሰ። የሚያዝያን ሐሩር መተማ ያልኖረ ሰው አያውቀውም፤ ቆርቆሮው ራሱ ይጮኻል። ልጅቷ ከንጋት ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች፤ እስከ ስምንት ሰዓት አልገባም ብላ አስፈቅዳለች፤ ስልኳንም ዘግታለች። እኔ ከዛፉ ሥር ነኝ። ወደ አምስት ሰዓት ገደማ ስልኬ ጮኸ። ባለሙያው ነው፤ ድምፁን ለየሁት።

"አባባ፣ ልጅቷ የት አለች? ስልኳ ዝግ ነው።"

"ሚካኤል ሄዳለች።"

"ጉድ ሆንና! ኬላው ላይ የቆሙት የከብት መኪኖች አይታዩዎትም?"

"ይታዩኛል።"

"ወረቀታቸው አላለቀም። ከዚህ ሆኘ ልጨርሰው ስል ማሽኑ አላስገባኝ አለ። እዚያ ተቀምጦ እሺ የሚል ሰው ይፈልጋል።"

"ስትመጣ እሺ ትልሃለች።"

"በስምንት ሰዓት? በዚህ ፀሐይ? ከብቱ ያልቃል እኮ፣ አባባ!"

ዞር ብየ አየሁ። አንድ ቀይ በሬ መኪናው ላይ በጉልበቱ ወድቋል፤ ሌሎቹ ይረግጡታል። ረዳቱ ጭራውን እየጠመዘዘ ሊያስነሳው ይታገላል፤ በሬው ግን አፉን ከፍቶ ያለከልካል። እኔ ከከብት ጋር ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ይኸን አይቸ ዝም ማለት አልችልም። ለከብቱ አዘንሁ፤ እውነት ነው። ግን ሌላም እውነት አለ። ያ ወረቀት ጉሮሮየ ላይ ተሰንቅሮ ነበር። "ማንም እንዳይነካ" ትበለኝ! ብየ ቁልፉን አወጣሁ።

ማሽኑ ሁልጊዜ እንደበራ ነው የሚያድር። ወንበሯ ላይ ተቀመጥሁ። ወረቀቱ ፊት ለፊቴ ነው። ስልኩን በትከሻየና በጆሮየ መሀል ይዠ፣ እሱ በል ያለኝን አደረግሁ። አንድ ሳጥን ብቅ አለ፤ ሁለት መጫኛ አለው፤ "የግራውን" አለኝ፤ ተጫንሁት። ከዚያ ማሽኑ ላይ ያለችው ቀስት እኔ ሳልነካት በራሷ መሄድ ጀመረች። ፀጉሬ ቆመ። ያን ዝርዝር ከፈተው። ልጅቷ ያሳየችኝ ዝርዝር ራሱ ነው።

"አሁን፣ አባባ፣ የመጀመሪያው መስመር ላይ ያለችውን ምልክት እርስዎ ይንኩልኝ። እኔን ከሩቅ አያስነካኝም፤ እዚያ የተቀመጠ ሰው ነው የሚያነሳት። ከእንግዲህ ወዲያ እርስዎንም አላስቸግር።"

የትኛዋ ምልክት እንደሆነች አውቃለሁ። ለምን እንደተቀመጠችም አውቃለሁ። ሳላውቅ ነው ብል እዋሻለሁ። ነካኋት። ጠፋች።

"ሺህ ዓመት ይኑሩ!" አለና ዘጋው።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ የከብት መኪኖቹ ተንቀሳቀሱ። እኔ ነኝ ያስለቀቅኋቸው ብየ ደረቴን ነፋሁ። በኋላ ሳጣራ ግን የእነዚያ ከብቶች ወረቀት ከእኛ ቢሮ ጋር አንዳች ግንኙነት አልነበረውም። ሌላ ትራንዚተር ከትናንት ወዲያ ጨርሶታል። የቆሙት ከማዶ፣ ከሱዳኗ ገላባት በኩል መንገድ እስኪከፈትላቸው ነበር።

ልጅቷ በስምንት ሰዓት መጣች፤ የጠበል ዳቦ ይዛልኝ።

"የደወለ ሰው ነበር?"

"ማንም።"

ዳቦውን በላሁ።

አንድ ወር አለፈ። የሚጠይቅ ሳጥን አንድም ቀን ብቅ አላለም፤ እሷም ባለሙያው ሥራ ስላልኖረው ነው ብላ አልጠረጠረችም። በግንቦት አንድ ሰኞ ጠዋት ኬላው ላይ ጩኸት ሰማሁ። ዝንጅብል የጫነ መኪና ተይዟል። ጆንያዎቹ ሲወርዱ ከኋላቸው በጣውላ የተከለለ ክፍተት ተገኘ፤ ውስጡ ሱዳን ሊሻገሩ በደላላ የታጨቁ የደጋ ልጆች። ብዙዎቹ በነፍስ ወጡ። ሁለቱ ታፍነው ሞተዋል። መንገድ ዳር አስተኝተው በዚያው በዝንጅብሉ ጆንያ ሸፈኗቸው፤ እግራቸው ግን ውጭ ቀረ። አንደኛው ኮንጎ ጫማ አድርጓል። ሌላኛዋ ሴት ናት፤ ባዶ እግሯን ናት፤ ተረከዟ የተሰነጣጠቀ። ከዚያ ወዲህ ዝንጅብል ያለበት ሻይ አልጠጣም።

ሹፌሩ አምልጧል። መኪናው ውስጥ የተገኘው ዲክላራሲዮን ግን የተሠራው ከእኛ ማሽን ነው። እሑድ፣ ቀን ስድስት ሰዓት፣ በልጅቷ ስም።

ፖሊሶቹ ሲመጡ ገና ቦርሳዋን አላስቀመጠችም።

"እሑድ ቢሮ አልገባሁም!" እያለች ጮኸች። "ጠባቂው አሉ፤ ይጠየቁ! አባየ፣ ንገሯቸው!"

"አልገባችም" አልሁ።

"ሌላ ሰውስ ገብቷል?"

"በእኔ ጥበቃ? ዝንብ አልገባም!"

"ታዲያ ማሽኑ ራሱ ነው የጻፈው?" አለ አንደኛው፤ ጓዶቹ ሳቁ። እኔ የምመሰክርላት መስሎኝ በሩን በላይዋ ላይ ዘጋሁት። በፒክአፕ ጭነው ወደ ወረዳው ፖሊስ ጣቢያ፣ ገንዳ ውሃ ወሰዷት።

በሦስተኛው ቀን ፖሊሱ አንድ የኮምፒውተር አዋቂ ይዞ ተመለሰ፤ ባለቤቱም ከጎንደር መጣ። አዋቂው ግማሽ ቀን ማሽኑ ላይ አቀረቀረ። ሲጨርስ እንዲህ አለ፦ ወረቀቱ ከሩቅ ተሠርቶ ሊሆን ይችላል። ከሩቅ የሚገባው ግን መጠየቅ ነበረበት፤ እንዲጠይቅ የሚያስገድደው ምልክት ደግሞ ተነሥቷል። ምልክቱ ከሩቅ አይነሣም፤ እዚህ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው በእጁ ነው ያነሣው። ቀኑንና ሰዓቱን ማሽኑ ይዞታል፦ የሚያዝያ ሚካኤል፣ አምስት ሰዓት ተኩል።

"ቅዳሴ በሦስት ሰዓት ያበቃል" አለ ፖሊሱ። "ከዚያ ወዲያ የት ነበረች? ቤቴ ጋደም ብየ ነው ትላለች። ያያት ሰው የለም። የቢሮው ቁልፍ ማን ማን ዘንድ ነው?"

"እሷና ጠባቂው ዘንድ" አለ ባለቤቱ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

"አባት፣ ይኸን ነገር ነክተው ያውቃሉ?"

ለመናገር ጊዜው ያ ነበር። አፌ ግን ቀደመኝ።

"እኔ? ፊደል ያልቆጠርሁት ሰውየ? በየት በኩል እንደሚነካስ መች አውቄ!"

ሳቁ። ባለቤቱ ትከሻየን መታ መታ አድርጎ፣ "ተዋቸው እኒህን ሽማግሌ፤ ስልክ እንኳ በልጅ ነው የሚያስደውሉ" አለ። ውሸቱን ነው፤ ስልክ በራሴ ነው የምደውል። ግን ውሸቱ ተመቸኝ። ጮክ ብየ ያነበብሁት ወረቀት ማሽኑ ላይ እንደተለጠፈ ነው፤ እያየሁት ነው የምዋሸው። ፖሊሱ ቃሌን ጻፈና ፈርሙ አለኝ። ስሜን መጻፍ የምችል ሰው፣ አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ ፈረምሁ።

ባለሙያው ስልኩን ዘግቶ ጠፋ። ባለቤቱ በቃል ነው የቀጠረው፤ ቤቱን የሚያውቅ የለም። "ልጅቷ ከእሱ ጋር ተመካክራ ነው" ብሎ ዘጋው፤ ያ ለእሱ ይቀለው ነበር። ለእኔም ቀሎኝ ነበር፤ ግን እህል እንቢ አለኝ።

ሚስቴ ሦስት ሳምንት ታገሠችኝ። አንድ ቀን ምሳ አቅርባ ፊቴ ቁጭ አለች።

"አንተ ሰውየ፣ ምን ውጦህ ነው?"

ነገርኋት። ሁሉንም።

"ምን ላድርግ?" አልኋት።

"እኔን ትጠይቀኛለህ? ስትነካው ጠይቀኸኛል?"

ተነሥታ ምሳውን አገልግል ውስጥ ከተተችውና ፊቴ አስቀመጠችው። "እስረኛ ይበላዋል" አለች።

በዚያው ተሳፍሬ ገንዳ ውሃ ወረድሁ። ጣቢያው ቅጥር ውስጥ በሽቦ አጥር ማዶ ጠሩልኝ። መጀመሪያ አላወቅኋትም። ወባ ይዟታል፤ ከንፈሯ ፈንድቷል፤ በዚያ ሙቀት ጋቢ ተከናንባ ትንቀጠቀጣለች።

"መጡ፣ አባየ?" አለች።

"መጣሁ። መድኃኒት ሰጡሽ?"

"ሰጡኝ።" አገልግሉን በሽቦው ቀዳዳ ተቀበለችና ሳትከፍተው መሬት አኖረችው። "ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ጎንደር ይወስዱኛል። ሁለት ነፍስ ስለጠፋ ክሱ እዚያ ነው ይላሉ። እናቴ አልሰማችም። ምን ብየ ላሰማት?"

የአጥሩን ሽቦ ያዝሁ።

"ቃልዎን አንብበውልኝ ነበር" አለች። "በአውራ ጣት ፈረሙ አሉ።"

መሬት መሬት አየሁ።

"ያነብባሉ እኮ፣ አባየ። ጣትዎን እያስኬዱ።"

"ለእነሱ ነገርሻቸው?"

"አልነገርሁም።" ጋቢዋን ወደ ላይ ሳበችው። "መጀመሪያ እርስዎ ይነግሯቸዋል ብየ ጠበቅሁ። ሳምንት ሲያልፍ ይፈራሉ ብየ አሰብሁ። አሁን ብናገር ደግሞ ራሷን ለማዳን በሽማግሌ አላከከች ነው የሚሉኝ።"

"የከብት መኪኖች ነበሩ..." ብየ ጀመርሁ።

"አይንገሩኝ!" አለች። ድምፅዋ ሲጮኽ ዘበኛው ዞር አለ። "ለእኔ ምን ያደርግልኛል? ለእኔ አይንገሩኝ!"

ሰዓቱ አለቀ ብለው አስገቧት። አገልግሉን ሌላ እስረኛ አነሣላት።

ወደ መተማ በተመለስሁበት መኪና ውስጥ ስለ እሷ ብቻ አላሰብሁም። እሷን ማዳን ይቻል ይሆናል፤ ዕድል ካላት ትወጣለች፤ ወባዋም ይሽራል። መንገድ ዳር እግራቸው ውጭ የቀረውን ሁለቱን ግን ማን ያስነሣቸዋል? እኔ አልገደልኋቸውም እላለሁ፤ ደላላው ነው፣ ሹፌሩ ነው፣ ባለሙያው ነው እላለሁ። ይኸን ስል ደግሞ አንድ ነገር ይመልስልኛል፦ ያለ አንተ ጣት ግን ያ ወረቀት በዚያ ቀን አይወጣም ነበር። ዛሬም ድረስ ይኸን ነገር ዞሬ ዞሬ እዚያው ነው የማገኘው። ይቅር በለኝ ብየ የማስቸግረው ቄስ አለኝ፤ እሱም ሰልችቶታል።

ቤት ስደርስ ለሚስቴ፣ "ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ይወስዷታል" አልኋት። ንጹሑን ሸሚዜን አውጥታ አልጋው ጫፍ ላይ አኖረችልኝ።

በማግሥቱ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በመጀመሪያው ሚኒባስ ወጣሁ። ጣቢያው ስደርስ ሁለት ሰዓት አልሞላም። መርማሪው አልገባም አሉኝ፤ ደጅ ቆሜ ጠበቅሁ። ሲመጣ በሩ ላይ ያዝሁት።

"ምልክቱን ያነሣሁት እኔ ነኝ።"

"የምን ምልክት፣ አባት?"

"የማሽኑን። በሚካኤል ቀን። እኔ ነኝ፤ በእጄ።"

ከላይ እስከ ታች አየኝ። "ለልጅቷ አዝነው ነው። ይገባኛል። ይሂዱ፣ ቤትዎ ይረፉ።"

"አልሄድም።"

"አባት፣ ሥራ አለብኝ።"

ገባ። ሦስት ሰዓት ሊሆን ሲል ፒክአፑን አስነሡት። እሷን እጇን አስረው ከኋላ አስቀመጧት፤ አላየችኝም፤ ራሷን ደፍታለች። ሄጄ ከመኪናው ፊት መሬት ላይ ተቀመጥሁ። ሹፌሩ ጥሩምባ ነፋ። "ኧረ እኒህን ሰውየ አንሱልኝ!" ብሎ ጮኸ። ሁለት ፖሊሶች ብብቴን ይዘው ሊያነሡኝ ሲሉ እንደ ድንጋይ ከበድኋቸው። ሰው ተሰበሰበ። መርማሪው ተቆጥቶ ወጣ።

"ምን ይፈልጋሉ እንግዲህ?"

"ባለሙያው በስንት ሰዓት እንደደወለልኝ ስልኬ ላይ አለ፤ ለእኔ ብዙ ሰው አይደውልም። ሳጥኑ ሲመጣ የግራውን ነው የተጫንሁ። ከዚያ ዝርዝሩ ተከፈተ፤ ከላይ የመጀመሪያው መስመር ነው። ማሽኑ ፊት አስቀምጡኝና ላሳያችሁ። ካላሳየሁ ያኔ ጥሩምባችሁን ንፉ።"

መርማሪው ስልኬን ተቀብሎ ጎንበስ ብሎ ሲጫን ቆየ። ከዚያ ለሹፌሩ እጁን አነሣ፤ ሞተሩ ጠፋ። እኔን ወደ ውስጥ አስገቡኝ። ጠረጴዛው ጋ የተቀመጠው ፖሊስ ቀና ሳይል፣ "ቀበቶዎን ይፍቱ፤ የጫማዎን ክርም" አለኝ። ጫማየ ክር አልነበረውም። ቀበቶየን ፈታሁ።